ዮሚፍ ዘጠኝ ገብቷል

አሶሳ፣ ኅዳር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሌንጂሳ፣ ካርቱም

በጌታ ስም ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እናቴም «የወንድሜን ልጅ እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቀው፤ እንጀራውን ያብዛለት» ብላ መርቃሃለች። ቀጥላ ደግሞ «እዚያ ኪስራ ነው አሉ የሚበሉት፤ እሱም ቢሆን ይብዛለት» ብላ አስተካክላለች። ስለዚህ ምርቃትህ በሁሉም በኩል ሙሉ ነው።

እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ወንድሜ ዮሚፍ አልተገኘም። በስልክ ከነገርኩህ ወዲህ የተጨመረ ወሬ የለም። መስከረም ማለቂያ ላይ በኦቦ ዳበሳ ፒክአፕ ወደ ጉባ ሄደ፤ ለግድቡ ሠራተኞች ዲሽ ሊተክል ነበር። ኦቦ ዳበሳ ብቻቸውን እያለቀሱ ተመለሱ። «የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን፤ ልጁን ከነሻንጣው ወስደው እኔን ለቀቁኝ» አሉ። ፖሊስ ቃላቸውን ተቀብሏል፤ መንገዱ ሲረጋጋ ይጣራል ተብለናል። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ከቤታችን አልተለዩም። እንጨት የሚያስፈልጡልን፣ ወፍጮ የሚያስላኩልን እሳቸው ናቸው። የጸሎት ቡድናችን ሽማግሌ ስለሆኑም በየሳምንቱ የዮሚፍን ስም ሳይጠሩ አሜን አይሉም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ክረምት መጥተህ ከዮሚፍ ጋር ሳሎናችን ጥግ ላይ የተከላችሁት ሰርቨር እየሠራ ነው። እናቴ ዳንቴል አልብሳው ነበር፤ «ይሞቀውና ይቃጠላል» ብዬ አስወለቅኳት። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይይዘዋል። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ከየቤቱ፣ በስልኩም በላፕቶፑም፣ በጣሪያችን አንቴና በኩል እየገባ ኳስ ይጫወታል፣ መኪና ያሽቀዳድማል፤ መዝሙሩን፣ ፊልሙን፣ የድሮ ፈተናውን ይቀዳል። ኢንተርኔት በጠፋበት ሰፈር እኛ ኢንተርኔት ሆነንላቸዋል። ዮሚፍ ሲጠፋ ልዘጋው ነበር፤ ግን ቤቱ ዝም ሲል አልቻልኩትም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ አጠገብ ተቀምጬ ልብስ ስተኩስ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። «ዮሚፍ ዘጠኝ ገብቷል» ይላል። አጠገቡ አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች። ካውያውን ቀሚሴ ላይ ጥዬው ቀሚሴ ተበሳ።

«ዮሚፍ ዘጠኝ» የጨዋታ ስሙ ነው፤ በዚያ ስም የምትገባው የእሱ ላፕቶፕ ብቻ ናት። በሻንጣው ይዟት ነው የሄደው፤ እኔ ራሴ ነኝ ከነቻርጀሯ የከተትኩለት። ቶሎ ብዬ «ወንድሜ፣ የት ነህ?» ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልመለሰም። ትንሽ ቆይቶ ነጥቧ ጠፋች።

ወንድሜ ሌንጂሳ፣ ይህ ምን ማለት ነው? ማሽኑ የት እንዳለ ሊነግረኝ ይችላል? ለእናቴ አልነገርኳትም። ስልክ ደውዬ እንዳልጠይቅህ ኔትወርኩ አንድ ቀን ቢመጣ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም እናቴ ከአጠገቤ አትነሳም። ይህን ደብዳቤ የሆሞሻው ነጋዴ ማህጁብ በኩርሙክ ድንበር አድርጎ ያደርስልሃል። መልሱን በእሱ ላክልኝ።

እህትህ፣
ቀነኒ


ካርቱም፣ ኅዳር 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቀነኒ

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ ይሁን። የአክስቴን የአዳዳ ደጊቱን ጉልበት ሳሚልኝ። ምርቃቷ ደርሶኛል፤ ኪስራውም በዝቷል።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ፣ የደንበኛ ኮምፒውተር ፈትቼ ሳለሁ ነው ያነበብኩት። ዳግመኛ አነበብኩትና የፈታሁትን መግጠም አቃተኝ። ለጠየቅሽኝ ነገር ዛሬ መልስ አልሰጥሽም፤ አትቀየሚኝ። መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጊልኝ።

ጣሪያው ላይ ያለውን አንቴና ታውቂዋለሽ። ፊቱን ወዳዞረበት ነው አጥርቶ የሚያየው፤ ከጀርባው ያለውን እምብዛም አያገኝም። አንድ ሁለት ቀን ወደ ገበያው አዙሪው። ቀጥሎ ወደ መስጊዱ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ታች ወደ ቁልቁለቱ። የዮሚፍ ስም በየትኛው እንደሚመጣ ብቻ ተመልከቺና ጻፊልኝ። ሰው ለምን ታዞሪያለሽ ቢልሽ ነፋስ አጣመመው በይ።

ዳግመኛ ስሙ ሲመጣ ምንም አትጻፊለት። ለማንም አትንገሪ። ለአዳዳ ደጊቱም፣ ለጸሎት ቡድኑም። ለምን አትበይኝ፤ ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።

ለቤቱ የሚሆን ትንሽ ነገር ማህጁብ ይዟል። የበሩ ቁልፍ አሮጌ ነው፤ በዚያ አዲስ ቁልፍ አስገጥሚ።

ወንድምሽ ሌንጂሳ


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሌንጂሳ

የሰማይ አምላክ በሰላም ይጠብቅህ። የላክኸው ደርሶናል፤ እግዚአብሔር በሌላ ይተካልህ። ቁልፉን አስገጥሜያለሁ። ቁልፍ ሠሪው «ሌባ መጣ እንዴ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት፤ አንተ እኮ ለእኔም አልነገርከኝም።

ያልከኝን አድርጌያለሁ። ወደ ገበያው ሳዞረው የዮሚፍ ስም አልመጣም። ወደ መስጊዱም አዞርኩት፤ አልመጣም። ወደ ቁልቁለቱ ባዞርኩ በማግስቱ ገባ። ከዚያ በኋላም ገባ። እንዳልከኝ ምንም አልጻፍኩለትም፤ እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀምጬ ነጥቧ እስክትጠፋ አለቀስኩ።

ሌንጂሳ፣ አንቴናው ከሰፈሩ አያልፍም ብለኸን አልነበር? ታዲያ ዮሚፍ እዚሁ ቁልቁለቱ ላይ ነው ያለው ማለት ነው? አንድ ቤት ውስጥ ቆልፈውበት ይሆን? እዚያ ያሉት ቤቶች ጥቂት ናቸው። ጡረታ የወጡት ነርስ አሉ፤ ባዶውን የእህል መጋዘን ታውቀዋለህ፤ ከሱ ቀጥሎ የኦቦ ዳበሳ ግቢ ነው። አንድ ነገር ቢኖር ኦቦ ዳበሳ አይሰሙም? እሳቸውን ልጠይቃቸው ብዬ «ለማንም» ያልከው ያዘኝ።

አሁን የምነግርህን ግን አትቆጣ። እናቴ አወቀች። ስሙ ሲመጣ ከኋላዬ ቆማ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ያገኘቻትን ፊደል አሰባስባ «ዮ… ሚ… ፍ» ብላ አነበበችውና መሬት ላይ ተደፋች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ስክሪኑን ሳመችው።

ቀጥሎ የሆነውን የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆንክ ታውቀዋለህ። እግዚአብሔር አንድ ነገር ሲያደርግልህ ይዘኸው አትቀመጥም፤ ትቆምና ትመሰክራለህ። ለመንኳት፤ «ሌንጂሳ ዝም በሉ ብሏል» አልኳት። «ሌንጂሳ ልጄ ነው፤ ምስክርነት የሚከለክል ግን ማን ነው? የጌታን ሥራ መደበቅ መስረቅ ነው» አለችኝ። ረቡዕ የጸሎቱ ተራ የኦቦ ዳበሳ ቤት ነበር። እዚያ ብድግ አለችና «ልጄ በሕይወት አለ! ስሙ በቤቴ ማሽን ላይ ይገባል፣ ይወጣል። በዓይኔ አይቻለሁ!» አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኦቦ ዳበሳ እያለቀሱ የምስጋናውን ጸሎት መሩ።

ሲሸኙን መንገድ ላይ «ልጄ ቀነኒ፣ ማሽኑ እንዴት ነው የሚያውቀው?» ብለው ጠየቁኝ። በደግነት ስለጠየቁኝ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ላፕቶፗ በአንቴናው ክልል ውስጥ ስትከፈት እንደምትገባ፣ አንቴናውንም እንዳዞርኩት ነገርኳቸው። «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አሉኝ።

ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ዮሚፍ አልገባም። እናቴ ወንበሯን ስክሪኑ ፊት አድርጋ ትውላለች። ደግሞ ዝምተኛ ሆናለች፤ የእሷ ዝምታ እኔን ያስፈራኛል። እባክህ ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ምንድን ነው የምታውቀው?

እህትህ ቀነኒ


ካርቱም፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቀነኒ

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልሽ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ምርቃቱንም ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ከሩቅ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ዝም ብዬ ያተረፍኩት ነገር የለም። እንዲያውም ዝምታዬ በደለሽ። መጀመሪያውኑ ነግሬሽ ቢሆን እናትሽን ታስቆሚያት ነበር።

የዮሚፍን ላፕቶፕ ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ። የይለፍ ቃል አትጠይቅም፤ «ይረሳኛል» ብሎ አስወጥቶኛል። የከፈታት ሰው ምንም ሳይነካ፣ የሰርቨሩን አየር ካገኘች በራሷ ትገባለች። ስሙ የሚመጣው ለዚህ ነው። የከፈታት ሰው መግባቱን እንኳ አያውቅም ነበር። አሁን ግን አንቺና አዳዳ ነገራችሁት፤ እሱም መክፈቱን ተወ።

ቀነኒ፣ ዮሚፍ ቁልቁለቱ ላይ የለም። የእናቱን ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ቢሆን ግድግዳ ፈንቅሎ ይመጣ ነበር። ዳበሳ «ከነሻንጣው ወሰዱት» አለ። ሻንጣው ከተወሰደ ላፕቶፗ እንዴት አሶሳ ገባች? እንዴትስ በእሱ ሰፈር ትከፈታለች? ዕቃዋ ተመልሳለች፤ ባለቤቷ አልተመለሰም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በመንገዱ ላይ ምን እንደተደረገም አላውቅም። የማውቀው ይህ ሰው እንደዋሻችሁ፣ እናንተ እንደምታውቁም አሁን እንደሚያውቅ ነው።

አንቴናውን አውርጂ። ሰርቨሩን አጥፊውና ተበላሸ በይ። ለአጎትሽ ለቀጄላ ንገሪው፤ ከእሱ ጋር ሆናችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። «ስም ብልጭ አለ ብዬ ልክሰስ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ሰርቨሩ ላፕቶፗ የገባችበትን ቀን ሁሉ ይዟል፤ እኔም መጥቼ እመሰክራለሁ። እስከዚያ ዳበሳ ቤት ሲመጣ እንደ ወትሮው ተቀበሉት። ብቻ አንዳችሁም መኪናው ላይ አትውጡ።

ለአዳዳ እንዴት እንደምትነግሪያት አላውቅም። ዮሚፍን ገና አላለቀስኩትም። ይህን ጨርሼ ነው የማለቅሰው።

ወንድምሽ ሌንጂሳ


አሶሳ፣ ጥር 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሌንጂሳ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰህ። መልስህ ቀረብኝ። ማህጁብ ከካርቱም ተነስቷል ይላሉ፤ ግን ኩርሙክ ላይ ኬላው ተዘግቶ ብዙ ሰው ቆሟል አሉ። ይህን በወንድሙ በሐመድ ልኬዋለሁ። እሱ በጓሮ መንገድ አውቃለሁ ይላል፤ እኔም ከየት ወዴት ብዬ አልጠየቅኩትም።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ኦቦ ዳበሳ ከገና በኋላ መጥተው ዮሚፍን ያየ ሰው አግኝቻለሁ አሉን። ጉባ አካባቢ፣ ከግድቡ ሠራተኞች ካምፕ አልፎ፣ ታሞ አንድ ቤት ተኝቷል አሉ። እናቴን ይዘዋት ሊሄዱ ነው። «የእናት ዓይን አይሳሳትም፤ እሷ ትለየው» አሉ። እኔ ልሂድ ስል «ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አሉኝ። መንገዱ እንደተከፈተ፣ ምናልባት ጥር ማለቂያ ላይ ነው።

እናቴ ወዲያው እሺ አለች። ነጠላዋን አጥባለች፣ ለመንገድ ጭኮ አዘጋጅታለች። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እንዲህ ያለ ወሬ ሰምታ አልመሰከረችም። «ረቡዕ ለምስክርነት አትነሺም?» ብላት «ስመለስ» ብቻ አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ጻፍልኝ።

ቀነኒ


ካርቱም፣ ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም.

ቀነኒ፣

ሐመድ ደብዳቤሽን አሁን ሰጠኝ። ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ዛሬውኑ ይመለሳል። ያለፈው ደብዳቤዬ አልደረሰሽም ማለት ነው። ስልክሽን ደጋግሜ ሞከርኩት፤ አይጠራም።

አትሂድ። እግሯ ላይ ወድቀሽም ቢሆን አስቀሪያት። ጉባ የታመመ ዮሚፍ የለም። ምክንያቱን ማህጁብ የያዘው ደብዳቤ ይነግርሻል። እኔ ነገ እነሳለሁ፤ ኬላው ካልተከፈተም በእግሬ እመጣለሁ።

በእግዚአብሔር ስም አስቀሪያት።

ሌንጂሳ


አሶሳ፣ ጥር 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሌንጂሳ

የት እንዳለህ አላውቅም። መንገድ ላይ ከሆንክ ማህጁብ ኩርሙክ ያገኝህ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሁለቱ ደብዳቤዎችህ ትናንት በአንድነት ደረሱኝ። ማህጁብ በር ላይ ቆሞ «እህቴ፣ እኔ ኩርሙክ ብዙ ቀን ተኛ። ሐመድ እዛ አገኘኝ። መንገድ ዝግ ነው፣ ወላሂ እኔ ጥፋት የለም» አለኝ። ጥፋት የለብህም አልኩት። ውሃ ሰጥቼው ደብዳቤዎቹን እዚያው ቆሜ አነበብኩ።

ብቻሽን አንብቢው ብለኸኝ ነበር። አልቻልኩም። እናቴ ለዛሬ ጠዋት ተዘጋጅታ ነበርና ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ትጮኻለች፣ ፀጉሯን ትነጫለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?» አልኳት።

«ያን ረቡዕ በደስታ ነው የመሰከርኩት፤ ልጄ አለ ብዬ ነው። ከዚያ ጸሎት ሲያዝ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ደስታዬ አላስጨፍን ብሎኝ የሕዝቤን ፊት በየተራ አይ ነበር። ዳበሳ እያለቀሰ፣ እየጮኸ ይጸልያል፤ ዓይኑ ግን ተገልጦ ወደ ጓዳው በር ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ አሁንም አሁንም። ያኔ ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ ገባኝ። የልጄ ዕቃ እዚያ ካለ ልጄ የለም።»

«ታዲያ ከእሱ ጋር ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም።

«ልጄ የት እንደተኛ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። «ቢያስሩት አላውቅም ይላል። እድሜ ልኩን አላውቅም ይላል። እኔም አፈር ሳላለብሰው እሞታለሁ። ብቻዬን ሳገኘው ግን ይወስደኛል። እኔንም ሊያጠፋኝ ያሰበው እዚያው ይሆናል፤ ሰው የሚያውቀውን ቦታ ነው የሚመርጠው። ለምን እንዳደረገው አልጠይቀውም። ቦታውን ልየው ብቻ።»

እግሯ ላይ ወደቅኩ። ቆልፌባት እንደምውል ነገርኳት፤ በመስኮት እወጣለሁ አለችኝ። አጎቴን ቀጄላን እጠራለሁ አልኳት። ያኔ መጽሐፍ ቅዱሷን አምጥታ እጄን ጫነችበት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። «ቀድመው ከደረሱብን ይክዳል፤ ልጄን ሜዳ ላይ ታስቀሪብኛለሽ» አለች። ማልኩላት። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ማልኩላት።

ዛሬ ጠዋት ዳበሳ መጣ። መኪናው ታጥቧል። ከፊት ወንበሩ ላይ ትራስ አድርጎላታል፤ «እናቴ፣ ወገብሽን እንዳይጎዳሽ» እያለ ደግፎ አወጣት። ወደ እኔ ዞሮ «ማሽኑ እንዴት ነው? ዮሚፍ ገባ እንዴ?» አለኝ።

«አልገባም» አልኩት።

«አሁን በአካሉ ይገባል» አለና በሩን ዘጋላት። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ሁሉንም የማወጣ መስሏት ነው። መኪናው በሆሞሻ መንገድ ታጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ይህን እየጻፍኩ ነው። ፀሐይዋ ከአናቴ በላይ ናት። ስጀምር መሐላዬን ልጠብቅ ነበር፤ ለአንተ ጽፌ ምሽቱን ልጠብቅ ነበር። ስጽፈው ግን ለራሴ ተሰማኝ። ሌንጂሳ፣ ዮሚፍ ወንድሜ ነው፤ መቃብሩን እኔም እፈልጋለሁ። ቢሆንም በሕይወት ያለችው እሷ ናት። እስከ ምሽት ዝም ብል ሁለቱንም ነው የማጣው።

ማህጁብ በሩ ላይ ቆሟል። ይህን ሰጥቼው አጎቴን ቀጄላን ጠርቼ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምሄደው። በመጽሐፉ ላይ የማልኩትን እያፈረስኩ ነው። በቦታው ሳይደርሱ ከያዟቸው ልጇን ሜዳ ላይ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ፤ እስክሞት ይቅር እንደማትለኝ አውቃለሁ።

ብቻ ትመለስና ትርገመኝ።

ቀነኒ